ኦክስጅን ላይ ቆሜያለሁ፤ መጽሐፍ ጠቁሙኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ በተለይ ኬሚስትሪ ለምታስተምሩ። ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ቀን ሥራ ውዬ ማታ ማታ ጠቅላላ ኬሚስትሪን ብቻዬን አጠናለሁ። ያለኝ አንድ ፎቶኮፒ ነው፤ ስለ ሞለኪዩል ኦርቢታል (ኤሌክትሮኖች በሞለኪዩል ውስጥ ስለሚገኙበት ስፍራ) የሚያወራው ክፍል ላይ ቀለሙ ደብዝዞ ሥዕሎቹ የፈሰሰ ሻይ መስለዋል።

ሌላው ምዕራፍ አላስቸገረኝም። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል፤ እዚህ ጣና ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በ94 አካባቢ የሚፈላው የአየር ግፊቱ ስለሚያንስ መሆኑ ገብቶኛል። ያስጨነቀኝ ኦክስጅን ነው። ሞለኪዩሉን በሉዊስ ነጥቦች (የውጭ ኤሌክትሮኖችን በነጥብ በሚያሳየው አሣሣል) ስሥለው የሁለቱ አቶሞች 12ቱም የውጭ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቀመጣሉ። ፈሳሽ ኦክስጅን ግን በማግኔት ይሳባል፤ ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት ነው ይባላል። ከየት መጡ? መጽሐፌ «በግልጽ እንደሚታየው» ብሎ ያልፋል፤ ለእኔ ምንም አልታየኝም!

ካልኩለስ ጥቂት እችላለሁ። የኤሌክትሮኖችን ባሕርይ የሚገልጸውን የሽሮዲንገርን እኩልታ ከሥሩ የሚያስረዳ፣ መልስ ያላቸው መልመጃዎች ያሉት መጽሐፍ የትኛው ነው? በእንግሊዝኛ ቢሆንም ግድ የለኝም፤ አዲስ እትም ከአቅሜ በላይ ስለሆነ አሮጌው ይበቃኛል። እዚሁ ከተማ የሚያውሰኝ ከተገኘ፣ በጋዜጣ ሸፍኜ ይዤ እመልሳለሁ።