ለሶሮሪቲ (የኮሌጅ ሴት ተማሪዎች ማኅበር) ቻፕተር (የአንድ ካምፓስ ቅርንጫፍ) ፕሬዚዳንትነት ስንት ግብ ላቅርብ?

ጠያቂ፦ ምርጫው ኖቬምበር ላይ ነው፣ ንግግሩ 3 ደቂቃ። 7 ግቦች ጽፌያለሁ፤ የመጀመሪያው «እህትማማችነትን ማጠናከር» ይላል። ይበዛ ይሆን?

መልስ 1፦ ይበዛል፣ 3 ይበቃሻል። ያ የመጀመሪያው ደግሞ ምኞት እንጂ ግብ አይደለም፤ በምን ይለካል? እንዲህ በይው፦ «በሳምንታዊው ስብሰባ ከ80 አባላት 50 ይገኛሉ፤ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ 65 አደርሳለሁ።» መንገዱንም አብረሽ ንገሪያቸው፤ ለምሳሌ የኃላፊዎች ሪፖርት ቀድሞ በጽሑፍ ይላክና ስብሰባው ከ90 ወደ 60 ደቂቃ ይጠር። የአሁኑን ቁጥር ግን ከጸሐፊዋ መዝገብ ሳታዪ አትጻፊ። ከተሳሳትሽ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያርሙሻል።

መልስ 2፦ «መዋጮ እቀንሳለሁ» እንዳትዪ! የብሔራዊ ጽሕፈት ቤቱን ክፍያና ኢንሹራንሱን ቻፕተሩ አይወስንም። በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻል እንደሆነ ገንዘብ ያዥዋን ጠይቂና እሱን አቅርቢ።

መልስ 3፦ መተዳደሪያ ደንቡን አንብቢ። አንዳንድ ቻፕተር ቅስቀሳ ይከለክላል፤ ግቦችሽን ኢንስታግራም ላይ መለጠፍ ከውድድር ሊያስወጣሽ ይችላል። የሥራ ዘመኑ ጃንዋሪ ከጀመረ ደግሞ የፎል (የትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ሴሚስተር) የአዳዲስ አባላት ምልመላ ዝግጅት ስፕሪንግ (ከጃንዋሪ በኋላ ያለው ሴሚስተር) ላይ ነው የሚጀመረው፣ የግቦችሽን ቀን ከምልመላው ወደ ኋላ ቁጠሪ።