ከሳንባ ቀዶ ሕክምና በኋላ ጨረር ሳይታዘዝ ሲቀር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ62 ዓመቱ አባቴ በካንሰር ምክንያት ከአምስት ሳምንት በፊት የቀኝ ሳንባቸው የላይኛው ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጥቶላቸዋል። የፓቶሎጂው (የወጣው አካል የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑን፣ ነገር ግን ከሁለቱ ሳንባዎች መካከል ከተወሰዱት ንፍፊቶች በሁለቱ ላይ ካንሰር መገኘቱን ይገልጻል። ሐኪማቸው ኬሞቴራፒ ሲያዙ ጨረርን አላነሱም፤ ዘመዶቻችን ደግሞ «ያለ ጨረርማ ተመልሶ ይመጣል» እያሉ አስጨንቀውናል። ተረስቶ ይሆን?

መልስ 1፦ እንኳን ከቀዶ ሕክምናው በሰላም ተነሡ። በጨረር ሕክምና የምሠራ ሐኪም ስሆን፣ ሰነዳቸውን ሳላይ መወሰን ባልችልም የተረሳ አይመስለኝም። ቀደም ሲል ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ጨረር መጨመር የተለመደ ነበር። ሆኖም በፈረንሳይ ሐኪሞች መሪነት ተካሂዶ በ2022 በታተመው ሉንግ አርት በተባለው ጥናት፣ እንደ አባትዎ ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸውና ንፍፊታቸው የተነካ 501 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ሲታዩ፣ በሦስተኛው ዓመት በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት የነበሩት ጨረር ከወሰዱት 47 ከመቶ፣ ካልወሰዱት 44 ከመቶ ያህል ሆነው ተገኙ፤ ይህም አስተማማኝ ልዩነት አይደለም። ጨረሩ በደረት ውስጥ ካንሰሩ እንዳይመለስ ይረዳል፤ በልብና በሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ጥቅሙን በልቶታል። ጠርዙ ላይ ካንሰር ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር።

መልስ 2፦ የወንድሜ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነበር። ዕጢው የሳንባው ጫፍ ላይ ሆኖ የክንዱን ነርቭ ስለተጫነው ትከሻውንና ትንሿን ጣቱን ያመው ነበር፤ እኛም ብርድ መስሎን ወጌሻ ዘንድ አመላለስነው። በኋላ ኬሞቴራፒና 45 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በአምስት ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ተሰጥቶት፣ ዕጢው ከሟሸሸ በኋላ ነው ቀዶ ሕክምና የተደረገለት። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ምራቁን መዋጥ እንኳ ያቃጥለው ስለነበር በቀዘቀዘ አጥሚት ሰነበተ።

ጠያቂው፦ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በቀጠሮው ቀን ምን ብንጠይቅ ይሻላል?

መልስ 1፦ በቀዶ ሕክምናው በተወሰደው ናሙና ላይ የኢጂኤፍአር (የሕዋስ እድገትን የሚቆጣጠር ጂን) ለውጥ ምርመራ ተሠርቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ለውጡ ከተገኘ ከኬሞቴራፒው በኋላ ኦሲመርቲኒብ የተባለው እንክብል እስከ ሦስት ዓመት ሊሰጥ ይችላል፤ እኔ ብሆን ከጨረሩ አስቀድሜ የምጠይቀው ይህንን ነው።