ጎበዝ ሰፊያችንን ተቆጣጣሪ አደረግናት፣ አሁን እንዴት ላግዛት?

ሰላም ወገኖች፣ ሰው በማስተዳደር ልምድ ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የምርት ኃላፊ ነኝ። ከሰፊዎቹ ሁሉ ጎበዟን የመስመር ተቆጣጣሪ አድርገን ሾምናት። ሙያዋ የሚያስቀና ነው፤ ግን ሥራ በተጠራቀመ ቁጥር ሰው ከማዘዋወር ይልቅ ራሷ ማሽን ላይ ቁጭ ብላ ትሰፋለች፣ እሷ ኮሌታ ስትገጥም ሌላው መስመር ሰብሳቢ ያጣል።

የባሰው የሠራተኞቹ ማርፈድ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ያረፈደ ሠራተኛ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ሊሰናበት ይችላል። እኔ ማንንም ማባረር አልፈልግም። የማስጠንቀቂያ ወረቀቱን በጊዜው ብትሰጣቸው ግን ብዙዎቹ የሚስተካከሉ ይመስለኛል። እሷ "አብረን ምሳ የምንበላ ልጆች ነን፣ እንዴት ብዬ?" ትላለች። እውነቷን ነው፣ አለቅነትን ማን አስተማራት?

ወደ ማሽኗ ልመልሳት ብል ውርደት ይሆንባታል፣ ጥላን እንዳትሄድም እፈራለሁ። ልምድ ካላት ተቆጣጣሪ ጋር ላጣምራት አስቤ ነበር፣ ሠራተኞቹ ፊት እንዳያሳንሳት ሰጋሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው አሠልጥናችሁ ለቦታው ያበቃችሁ ካላችሁ፣ ከምን ጀመራችሁ?