«ያደረ ጣፈጠኝ የሚል ሰው ትኩስ በልቶ አያውቅም»

ሰባራ ማንኪያ፦
ትናንት እዚህ ገጽ ላይ «ሰሞኑን በልታችሁ የጣፈጣችሁ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት መለሰ። አንዷ «ያደረ ሩዝ በእንቁላል ጠብሼ፣ ቆሜ፣ ከነመጥበሻው» አለች። እኔ እንኳን አንብቤ ምራቄን ዋጥኩ። ወዲያው ኮስተር መጣና «ያደረ ጣፈጠኝ የሚል ሰው ትኩስ በልቶ አያውቅም» ብሎ ለጠፈላት። ልጅቷ መልሷን አጠፋችው። ምን አገባህ ወንድሜ? የተጠየቅነው የጣፈጠንን ነው እንጂ ያንተን ፈቃድ አይደለም።

ኮስተር፦
ያጠፋችው እሷ፣ ተከሳሹ እኔ። ይሁን። ያልኩትን አላነሳም። ምግብ ማለት ከእሳት ወርዶ እፍ እፍ እየተባለ የሚበላ ነው። ያደረው ሆድ ማስታገሻ ነው። ሥጋ አድሮ ሲሞቅ የሚያመጣውን ያን የካርቶን ጠረን የማያውቅ ካለ ይውጣና ይናገር።

የሌሊት ተረኛ፦
«ትኩስ በልቶ አያውቅም» አልክ? እስቲ ልንገርህ። እኔ ከሥራ ስገባ ሰው ቁርሱን በልቶ እየወጣ ነው። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት ልክተፍ? የምስር ሾርባዬ ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቀኛል። ከመርጋቱ የተነሳ ማንኪያ ያቆማል። ውሃ ጠብ አደርግበትና በትንሽ እሳት አማስለዋለሁ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይላላል፣ ከዚያ መሀሉ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጨርሰው። ሰሞኑን የጣፈጠኝ ይሄ ነው። አጥፊው በለኝ እስቲ።

ኮስተር፦
እህቴ በርቺ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ያጣፈጠው ረሃብሽ ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
ያንተን ትኩስ የሚያጣፍጠው ታዲያ ምንድን ነው? ጥጋብ?

ሰባራ ማንኪያ፦
ሃሃሃ፣ ጨርሰሽዋል።

ማይክሮስኮፕ፦
ስለ ሥጋው ኮስተር ከሜዳ ተነስቶ አላወራም። የበሰለ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ሲቆይ ስቡ ከኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል። ከሥጋው የሚለቀቀው ብረት ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። የካርቶኑ ጠረን ከዚያ ነው የሚመጣው። የምግብ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1958 ስም ሁሉ አውጥተውለታል። ግን ከሥጋ ተነስቶ ምስርና ሩዝ ላይ መፍረድ ምን የሚሉት ነው? ሾርባ ሲያድር ቅመሙ ይሰርጽበታል፣ የነጭ ሽንኩርቱም ቁጣ ይበርዳል። ሩዝ ለመጥበሻ የሚመቸው ደግሞ አድሮ ሲደርቅ ነው። ገና የወረደውን ብትጠብሰው እርስ በርሱ ተያይዞ ሊጥ ይሆንብሃል። ልጅቷ የሠራችው በትክክል እንደሚሠራው ነው።

ኮስተር፦
ሥጋው ላይ ልክ ነኝ ማለት ነው። አመሰግናለሁ። ቀሪውን አላነበብኩትም።

ባለ መጥበሻዋ፦
ሰላም ነው? እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በኮስተር ምክንያት አይደለም። ፎቶውን ልቀይር ብዬ ነው፣ መጥበሻው ቆሽሾ ይታይ ነበር። ደግሞ ሩዙ ጣፍጦኛል፤ አሁንም እላለሁ። ምስጢሩ አለማማሰል ነው። ዝም ብላችሁ ተዉት። ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ኩርሽም ኩርሽም ሲል ብቻ ገልበጥ፣ ከዚያ እንቁላሉን ዳር ላይ መስበር።

ኮስተር፦
ይኸው! ማንንም አላባረርኩም። ሰባራ ማንኪያ የት ሄድክ?

ሰባራ ማንኪያ፦
አለሁ። ባታባርራትም አነጋገርህ የሚያባርር ነው። የመርህ ጉዳይ ነው።

ፈሪ ሆድ፦
ጣዕሙን ተዉትና ስለ ጤናው አውሩ። ያደረ ሩዝ ይመርዛል ሲባል አልሰማችሁም? እኔ ቤት ሩዝ ካደረ ይደፋል። አለቀ።

ማይክሮስኮፕ፦
ጥያቄው የት አደረ ነው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስፖር የሚባለው ያንቀላፋ ዘሩ ውሃ ሲፈላ አይሞትም። ድስቱ ውጭ ሲያመሽ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያመርታል። የሚያስመልሰውን መርዝ ደግሞ ብታሞቀውም አታጠፋውም። ስለዚህ «በደንብ አፍልቼዋለሁ» ማለት አያድንም። የሚያድነው ቶሎ ማቀዝቀዝ ነው። የእንግሊዝ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ሩዝ ቢቻል በ1 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ቀዝቅዞ ፍሪጅ ይግባ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበላ ይላል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ስለ ያደረ ምግብ በጠቅላላው ሲናገር ትንሽ ላላ ይላል። ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ሲሞቅ 74 ዲግሪ ይድረስ ነው የሚለው።

ፈሪ ሆድ፦
አየህ? እነሱ ራሳቸው አልተስማሙም። እስኪስማሙ እየደፋሁ እጠብቃለሁ።

እማማ ጓዳ፦
ልጆቼ፣ ትኩስ ነገር ፍሪጅ ከገባ ፍሪጁን ያበላሻል። እኛ ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ አናስገባም። ሌሊት ውጭ አድሮ ሰው የገደለ ሾርባም አላየሁም።

ማይክሮስኮፕ፦
እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እንፋሎቱ እስኪያልፍ መጠበቁ ደግ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ግን አይሆንም። በትልቅ ድስት ከሆነ መሀሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል። ባክቴሪያው የሚወደው ያንን ነው። ሰፋ ባለ ዕቃ ላይ በስሱ ይገልብጡት፣ ቶሎ ይበርዳል።

እማማ ጓዳ፦
ዕቃውን የሚያጥበው ማን ነው?

ሰባራ ማንኪያ፦
እማማ የሁላችንን ጥያቄ ጠየቁ።

እማማ ጓዳ፦
እጠይቃለሁ እንጂ። ትኩስ ካልሆነ አልበላም የሚል ሰው እኔም ቤት ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ጠዋት ሌላ፣ ምሳ ሌላ፣ ማታ ሌላ። እሱ ሲጨርስ የኔ ሳህን በርዶ ይጠብቀኛል። ትኩስ አይጣፍጥም አላልኩም። ይጣፍጣል፣ ለተቀመጠው ሰው።

የሌሊት ተረኛ፦
እማማ፣ ይህቺን ጽፌ ፍሪጄ ላይ ነው የምለጥፋት።

ኮስተር፦
እማማ፣ በአክብሮት፣ እኔ የማንንም እጅ አልጠብቅም። ራሴ ነኝ የማበስለው።

የሌሊት ተረኛ፦
ሰሞኑን ምን አበሰልክ?

ኮስተር፦
እንቁላል።

የሌሊት ተረኛ፦
ከእንቁላሉ በፊትስ?

ኮስተር፦
ክርክሩ ስለ እኔ አይደለም።

ሰባራ ማንኪያ፦
እንቁላል ጠብሶ ስለ ትኩስ የበላይነት ሊያስተምረን መጣ! ምስር ቀቅል፣ ድንች ላጥ፣ ሽንኩርት አቁላላ፣ ከዚያ በየቀኑ አድርገው። ያኔ እንሰማሃለን።

ኮስተር፦
እንቁላል መናቅ ተጀመረ ደግሞ። በለዘብተኛ እሳት፣ ነጩ ረግቶ አስኳሉ ሳይረጋ፣ ጨው ከላይ ጣል ተደርጎ፣ ዳቦ ሲነከርበት። ይህንን አሳድራችሁ ብሉትና ተመለሱ። ላስቲክ ነው የሚሆነው። እኔ የምለው ይሄንን ነው። አንዳንድ ነገር ጣዕሙ ያለችው በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

ባለ መጥበሻዋ፦
እሱን ማን ካደህ? የተጠበሰ እንቁላል ይደር ያለ የለም። አንተ ነህ ከእንቁላል ተነስተህ ዓለም ሁሉ ትኩስ ይብላ ያልከው።

የሌሊት ተረኛ፦
እኔ አንድ ነገር አልገባኝም። «ትኩስ» የምትለው እስከ ስንት ሰዓት ነው? ጠዋት ተሠርቶ በምሳ ዕቃ ሄዶ ከሰዓት የተበላስ?

ኮስተር፦
እሱ አላደረም።

የሌሊት ተረኛ፦
ስለዚህ ስድስት ሰዓት ቦርሳ ውስጥ የታፈነው ይፈቀዳል፣ ስምንት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ የቆየው ይከለከላል? በምን ሕግ?

ፈሪ ሆድ፦
እህቴ፣ ስድስት ሰዓት ቦርሳ ውስጥ?! ማይክሮስኮፕ፣ ንገራት እንጂ!

ማይክሮስኮፕ፦
በኮስተር መመሪያ ሲኬድ የሚመጣውን ነው የተናገረችው። እሷ አታደርገውም። አንተ መጀመሪያ ሰው የጻፈውን ጨርስ።

ቆጣቢ፦
መድፋት መድፋት ስለምትሉ አንድ ነገር ልበል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ 60 በመቶው ከየቤቱ የወጣ ነው። ከሆቴል አይደለም፣ ከሱቅ አይደለም። ከእኛ ጓዳ ነው። «ካደረ ይደፋል፣ አለቀ» ማለት ጀግንነት አይደለም።

ፈሪ ሆድ፦
ቢሊዮኑን እኔ ነኝ የደፋሁት? የኔ ግማሽ ጭልፋ ሩዝ ናት!

ቆጣቢ፦
በግማሽ ጭልፋ ነው ቢሊዮን የደረሰው።

ኮስተር፦
መፍትሔው ቀላል ነው። ልክ ልካችሁን ሥሩ። ትርፍ የሚያመጣው ድስት ሙሉ የሚጥድ ሰው ነው። እኔ ሁለት እንቁላል እሰብራለሁ፣ ሁለት እበላለሁ። የሚባክን የለም፣ የሚያድር የለም።

የሌሊት ተረኛ፦
ለአንድ ሰው ምስር በሻይ ማንኪያ ልስፈርልህ? እኔ የማበዛው ሆን ብዬ ነው። እሱ ትርፍ አይደለም፣ የነገው ምግቤ ነው።

ኮስተር፦
«ሆን ብዬ» ብላለች! እያወቀች ነው የምታሳድረው! ይመዝገብልኝ።

ሰባራ ማንኪያ፦
ፍርድ ቤት ነው እንዴ?

ዳቦ ወዳድ፦
ዘግይቼ ነው የደረስኩት። ስለ ዳቦ የተናገረ የለም? ዳቦ ፍሪጅ የሚያስገባ ሰው ጋር አብሬ እየኖርኩ ነው። ጠዋት ስነሳ ድንጋይ ነው የማገኘው። ስናገር «እንዳይሻግት ነው» እባላለሁ።

ማይክሮስኮፕ፦
እውነትህን ነው። ዳቦን የሚያደርቀው የውሃው መትነን ብቻ አይደለም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስታርች መልሶ ይረጋል፣ ይሄ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ላይ ይፈጥናል። ወይ ውጭ ተዉት ወይ ፍሪዘር አስገቡት። የደረቀውን ስታሞቀው መለስ ይላል፣ ግን ወዲያው መብላት ነው።

ፈሪ ሆድ፦
ውጭ ይሻግታል!

ባለ መጥበሻዋ፦
አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ። ኮስተር፣ እንቁላሉ ላይ የነከርከው ዳቦ መቼ የተጋገረ ነበር?

ኮስተር፦
ዳቦ ሌላ ነው።

ባለ መጥበሻዋ፦
እንዴት ሌላ ሆነ? አላደረም?

ኮስተር፦
ዳቦ ይገዛል። የሚገዛ ነገር ውስጥ ማደር አይቆጠርም።

የሌሊት ተረኛ፦
ምስሩም ተገዝቶ ነው የመጣው ወንድሜ!

ኮስተር፦
ሥራ አለብኝ። ማታ እመለሳለሁ።

ሰባራ ማንኪያ፦
ሲመለስ ክርክሩ አድሮ ያገኘዋል። አሙቆ ይብላው።

ፈሪ ሆድ፦
እሱን ተዉት። ዳቦዬ ዳሩ ላይ አረንጓዴ ነገር ጀምሮታል። ያንን ቆርጬ ቀሪውን ብበላውስ?

ማይክሮስኮፕ፦
አይሆንም። ዳቦ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው አልፎ ውስጥ ይገባል። ጣለው።

ቆጣቢ፦
«ጣለው»? አንተ ልጅ፣ ከማን ወገን ነህ?

ፈሪ ሆድ፦
አያችሁ! ሲመጣ ሁላችሁም ትደፋላችሁ!

እማማ ጓዳ፦
እኔ ሻጋታውን አራግፌ ነው ልጆቼን ያሳደግኳቸው። ይኸው አሉ።

ማይክሮስኮፕ፦
እማማ፣ እባክዎ…