«መንፈስ የሚያነቃቃ» ተብሎ የተለጠፈ ፊልም በውስጡ ያለውን ከባድ ነገር እንዲናገር በሕግ ይገደድ?

አወያይ፦
የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። ፊልም እቤታችን ድረስ የሚያመጡልን አገልግሎቶች «መንፈስ የሚያነቃቃ»፣ «የሚያጽናና»፣ «ተስፋ የሚሰጥ» እያሉ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማና ዘጋቢ ፊልም በረድፍ ይደረድራሉ። ተመልካቹ ደክሞት ወይም ሐዘን ተጭኖት ረድፉን አምኖ ይከፍታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የሕፃን ሞት ወይም ራስን ማጥፋት ይገጥመዋል። እንዲህ ያለ ስያሜ የሚለጥፉ አገልግሎቶች በፊልሙ ያለውን ከባድ ነገር አብረው እንዲገልጹ ሕግ ያስገድዳቸው ወይስ ነገሩ ለተመልካቹ ይተው? ደንባችን የታወቀ ነው፦ የፊልም ታሪክ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ ያስጠንቅቅ፤ የግል ገጠመኝ ይቆየን፤ ማስረጃና አሠራር ይቅረብ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁን።

ማዕዘን፦
ያስገድዳቸው። ስያሜ የለጠፈ ቃል ገብቷል። «የሚያጽናና» ብሎ ጽፎ ውስጡ ያለውን መርዶ መደበቅ ቃል ማጠፍ ነው።

ጥያቄው አዲስ እንዳይመስላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ያሻሻለው የኦዲዮቪዥዋል (የቴሌቪዥንና የቪዲዮ) መገናኛ ብዙኃን መመሪያ በአንቀጽ 6ሀ፣ ልጆችን ሊጎዳ የሚችል ይዘት የሚያቀርብ ሁሉ የጉዳቱን ምንነት ለተመልካች እንዲገልጽ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ «ከ12 ዓመት በላይ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ለምን እንደሆነም መነገር አለበት። ችግሩ ልጆችን ብቻ ማሰቡ ነው። ትናንት ወላጁን የቀበረ አዋቂ በዚህ ውስጥ የለም።

«አይቻልም» ለሚል ደግሞ ኔዘርላንድስን ይመልከት። ከ2001 ጀምሮ «ካይክዋይዘር» የሚባል አሠራር አላቸው። ከዕድሜው ቁጥር ጎን ዓመፅን፣ ፍርሃትን፣ ወሲብን፣ አድልዎን፣ አደንዛዥ ዕፅና አልኮልን፣ ስድብን የሚያሳዩ ትንንሽ ሥዕሎች ይቀመጣሉ። ፊልሙን የሚመዝኑት በአምራቹ ወይም በአከፋፋዩ ዘንድ ያሉ፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ መጠይቅ ይሞላሉ፣ ውጤቱም ከመልሳቸው ይወጣል። ከስድስቱ ሥዕሎች ጎን «ሞትና ሐዘን» የሚል ሰባተኛ መጨመር ምን ይከብዳል?

ጠጠር፦
የሁለት ፊልሞችን ይዘት አነሳለሁ፤ ያላያችሁ እለፉት።

የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2006 መንፈስ የሚያነቃቁ 100 የአሜሪካ ፊልሞችን ዘርዝሯል። አንደኛ የወጣው የ1946ቱ «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ነው፤ ዋናው ሰው በገና ዋዜማ ሊሞት ቆርጦ ድልድይ ላይ ይቆማል። ሦስተኛው «ሺንድለርስ ሊስት» ነው፤ ስለ አይሁድ እልቂት። እህቴ ማዕዘን፣ ሕግሽ ቢወጣ በአንደኛው ላይ «ራስን ማጥፋት»፣ በሦስተኛው ላይ «የጅምላ ግድያ» ይጻፋል። ደክሞት የመጣ ሰው ያንን አይቶ ይከፍታል? አይከፍትም። ፊልሞቹ ግን ሰውን የሚያነሱት እዚያ ጨለማ ውስጥ ስለሚገቡ ነው። ጉድጓዱን ካላየን መውጣቱን አናውቀውም።

ሌላም አለ። ማስጠንቀቂያዎች በሰው ስሜት ላይ ስለሚያመጡት ለውጥ የተሠሩ ጥናቶችን የሰበሰበ ትንታኔ በ2023 ታትሟል። ማስጠንቀቂያው ሰዎች ነገሩን ሲያዩ የሚሰማቸውን ጭንቀት አልቀነሰም፤ ከማየታቸው በፊት ያለውን ስጋት ግን ጨምሯል። ከማየት ያስቀራቸዋል የሚባለውም በውጤቱ አልታየም፤ ይህ የራሴን «አይከፍትም» ቢያዳክምም ለሕጉ ድጋፍ አይሆንም። እንግዲህ በሕግ የምንገዛው ስጋት ብቻ ከሆነ ለምን?

ማዕዘን፦
ወንድሜ ጠጠር፣ የጠቀስከው ጥናት አለ፤ አልክድም። ግን «ሊረብሽ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሌላ፣ «በዚህ ፊልም አባት ይሞታል» የሚል መረጃ ሌላ። እኔ የጠየቅኩት ሁለተኛውን ነው። በሺህ የሚቆጠር ርዕስ ፊቱ ተደርድሮ ለዛሬ ማታ አንዱን የሚመርጥ ሰው ደግሞ በሙከራ ክፍል የቀረበለትን ነገር ከሚያይ ሰው ጋር አንድ አይደለም። ይህኛው ሌላ ምርጫ በእጁ አለ።

ሰምና ወርቅ፦
ሁለታችሁም ስለ ሁለት ነገር እያወራችሁ በአንድ ቃል ትጣላላችሁ።

የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪው ዶልፍ ዚልማን በ1988 ባቀረበው ሐሳብ ሰው መዝናኛ የሚመርጠው ስሜቱን ለማስተካከል ነው፦ የተጨነቀ የሚያረጋጋውን፣ የሰለቸው የሚያነቃውን። ይህ ዕረፍት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆናታን ሃይት ደግሞ በ2000 የሌላን ሰው ደግነት ወይም ጽናት ስናይ ስለሚሰማን ስሜት ጻፈ፦ ደረት ይሞቃል፣ ጉሮሮ ይያዛል፣ እኛም ደግ መሆን ያምረናል። ይህ ከፍታ ነው። የመገናኛ ብዙኃን ተመራማሪዋ ሜሪ ቤዝ ኦሊቨር በ2008 ያሳየችው ከዚሁ ጋር ይሄዳል፦ ሰው ሆዱ ሲባባ የሚያሳዝነውንና ስለ ሰው ልጅ ኑሮ የሚያሳስበውን ፊልም ሊመርጥ ይችላል።

ማዕዘን የምትሟገተው ዕረፍት ለሚፈልገው ነው፤ ጠጠር የሚሟገተው ለከፍታው። አገልግሎቶቹ ሁለቱን በአንድ ረድፍ ስለሚያጉሩ ነው ሰው የሚሳሳተው። ኬክ የሚጋግሩ ተወዳዳሪዎች ያሉበት ዝግጅትና በረሃብ ዘመን ስለሚማር ልጅ የሚተርክ ፊልም በአንድ ስም ይጠራሉ። ሕግ ካስፈለገ የጉዳት ዝርዝር አይጠይቅ፤ «ያሳርፋል» ወይስ «ያስለቅሳል፣ ከዚያም ያነሳል» የሚለውን ይለይልን።

ጠጠር፦
ጋሼ፣ ይህን የሚለየው ማን ነው? አንዱን ያሳረፈ ሌላውን ያስለቅሳል። ውሻ የሞተበት ሰው የውሻ ኮሜዲ አያሳርፈውም።

ዘጋቢ ወዳጅ፦
ሕጉ እስኪመጣ ሰው ዛሬ ማታም ይመርጣል። ስለዚህ አሠራሩን ላስቀምጥ፤ ለክርክሩም ይረዳል።

መጀመሪያ ውጤት በትክክል ይነበብ። የሐያስያንን አስተያየት በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ 95 በመቶ ማለት ከ100 ሐያሲ 95ቱ ወደዱት ማለት እንጂ ፊልሙ ከ100 ነጥብ 95 አገኘ ማለት አይደለም። ከ60 በመቶ ጀምሮ የመልካም ምልክት የሆነው ቀይ ቲማቲም ይሰጠዋል። ቁጥሩ ስለ ፊልሙ ስሜት ምንም አይናገርም፤ እጅግ የሚያሳዝን ፊልም 98 በመቶ ሊያገኝ ይችላል።

ቀጥሎ አይኤምዲቢ በሚባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የፊልሙን ገጽ ከፍታችሁ «ፓረንትስ ጋይድ» (የወላጆች መመሪያ) የሚለውን ፈልጉ። አምስት ክፍል አለው፤ ለእናንተ የሚጠቅመው የመጨረሻው፣ የሚያስፈሩና የሚከብዱ ትዕይንቶች የሚዘረዘሩበት ነው። «ዳዝ ዘ ዶግ ዳይ» የሚባል ድረ ገጽም አለ፤ በ2010 የተጀመረው ውሻው ይሞታል ወይ የሚለውን ለመመለስ ነበር፣ አሁን ስለ ወላጅ ሞት፣ ስለ ካንሰር፣ ስለ ፅንስ መጨንገፍና ስለሌላም ብዙ ይጠየቅበታል። ተመልካቾች «አዎ» ወይም «አይ» ብለው ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስትና አራት ድምፅ ብቻ ካለ አትመኑት።

ትሬለር (የፊልሙ ማስታወቂያ ቅንጭብ) ግን ለዚህ ጉዳይ ምስክር አይሆንም። የሚቆረጠው ፊልሙን ለመሸጥ ስለሆነ ሳቁን አንድ ላይ ሰብስቦ ሐዘኑን ይተዋል። የሽፋኑ ሥዕልም እንዲሁ፤ ኔትፍሊክስ ለአንዱ ፊልም የተለያዩ ሥዕሎች እያዘጋጀ እንደየተመልካቹ ይቀያይራል። ፍቅር የሚወድ ሰው ሁለቱ ሲተቃቀፉ ያያል፤ ፊልሙ ስለ ጦርነት ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አልጎሪዝሙን፣ ማለትም ቀጥሎ የሚታየውን የሚጠቁመውን ማሽን፣ ሲያስተምር ነው። ኔትፍሊክስ ተመልካች ፊልም የሚመዝንባቸውን ከዋክብት በ2017 ትቶ በአውራ ጣት ተክቷል፣ በ2022 ሁለት አውራ ጣት ጨመረ። ሰው ስለ ግፍ የሚናገር ዘጋቢ ፊልም አይቶ «ትልቅ ሥራ ነው» ብሎ ጣቱን ያነሳል፤ ማሽኑ ግን «ይህን የመሰለ ጨምርልኝ» ብሎ ይሰማዋል፣ በማግስቱ ረድፉ በግፍ ይሞላል። ለዕረፍት የምትፈልጉትን በተለየ ፕሮፋይል እዩ፤ እዚያ ለሚያሳርፋችሁ ብቻ ጣት አንሱ። ሌላ ነገር ከገባበት ከእይታ ታሪክ ውስጥ ደብቁት፤ ለውጡ በሁሉም መሣሪያ ላይ እስኪታይ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በፕሮፋይሉ ሴቲንግ ቀጣዩን ክፍል በራሱ የሚያስጀምረውንም አጥፉ። ጥሩ ክፍል አይታችሁ በደስታ ልትተኙ ስትሉ ቀጣዩ በመርዶ የሚከፈት ከሆነ ማታው ተበላሸ።

ዩቲዩብ ላይ ለዘጋቢ ፊልም የምትገቡ ከሆነ «ይህን ቻናል አትጠቁመኝ» የሚለው «አልፈልገውም» ከሚለው ይበረታል፤ የመጀመሪያው ቻናሉን በሙሉ ያርቃል፣ ሁለተኛው በተለይ ያንን ቪዲዮ ይመለከታል።

ኅብር፦
ዘጋቢ ፊልም ላይ የሚጨመር አለኝ። ስለ ተፈጥሮ ከሆነ አዳኝና ታዳኝ አለበት ብሎ መጠበቅ ነው። (ታሪክ ይወጣል።) በ2021 ኦስካር ያገኘው ስለ አንዲት ኦክቶፐስ (ብዙ እጅ ስላላት የባሕር እንስሳ) የሚተርከው «ማይ ኦክቶፐስ ቲቸር» ረጋ ያለና የሚያምር ነው፤ ግን ኦክቶፐሷ ሻርክ እጇን ይቆርጣታል፣ በመጨረሻም እንቁላሏን ጠብቃ ትሞታለች። የእንስሳው ተፈጥሮ ነው፤ ከልጅ ጋር የሚያይ ሰው ግን ቢያውቀው ምን ይጎዳል?

እውነትነትም ይታይ። ዲዝኒ በ1958 ባወጣው «ኋይት ዊልደርነስ» ሌሚንግ የሚባሉት አይጥ መሳይ እንስሳት በገዛ ፈቃዳቸው ገደል ሲገቡ ይታያሉ። ፊልሙ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወሰደ፤ ትዕይንቱ ግን እንስሳቱን አምጥተው ያቀናበሩት ነበር። ደስ ያለን ነገር ተቀነባብሮ እንደሆነ ማወቅም መብታችን ነው።

ጠጠር፦
ዘጋቢ ወዳጅ የጻፈው የእኔን ነገር ያጸናል። መረጃው አለ፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ሕጉ ለምን?

ማዕዘን፦
ያጸናውስ የእኔን ነው። መጀመሪያ፣ አምስቱን ደቂቃ ማጥፋት የሚያቅተው በጣም የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሦስት ድረ ገጽ አያገላብጥም። ሁለተኛ፣ ገጾቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ሦስተኛ፣ በፈቃደኞች የሚሞሉ በመሆናቸው ታዋቂው ፊልም ሃምሳ አስተያየት ሲኖረው ብዙ ሰው ያላየው ፊልም ገጹ ባዶ ነው። የማናውቀውን ፊልም ስንሞክር ነው መረጃው የሚያስፈልገን፤ እዚያው ነው የሚጠፋው።

ኅብር፦
መካከለኛ መንገድ አለ። የብሪታንያ የፊልም መዳቢ ተቋም አጭር መግለጫ በግልጽ ያወጣል፤ ረጅሙና ዝርዝሩ፣ ታሪክ ሊያወጣ የሚችለው፣ ፈልጎ ለሚከፍተው ነው። ሕጉም እንዲሁ ቢሆንስ? የፈለገ ይጫነዋል፣ ያልፈለገ አያየውም። «ታሪክ ይበላሻል» የሚለውም ቢሆን አከራካሪ ነው፤ በ2011 በአጫጭር ልብ ወለዶች የተደረገ ጥናት መጨረሻውን ያወቁት አንባቢዎች የበለጠ እንደወደዱት አገኘ፣ በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተቃራኒውን።

ጠጠር፦
በአንድ ጫና የሚከፈት ከሆነ «ሰው ይሸሻል» ያልኩትን አነሳለሁ። አንድ ነገር ግን አልተመለሰልኝም። ሕጉ የታሰረው «መንፈስ የሚያነቃቃ» በሚለው ስያሜ ላይ ነው። አገልግሎቱ ከሕጉ ለማምለጥ ረድፉን «ለዛሬ ማታ» ብሎ ይሰይመዋል። ስያሜው ይጠፋል፤ አሁን ያለችን ደካማ ምልክት እንኳ ትቀራለች።

ማዕዘን፦
ይህ እውነተኛ ክፍተት ነው። እንግዲያው ግዴታው ከስያሜው ተነቅሎ በእያንዳንዱ ርዕስ ላይ ይታሰር፤ የዕድሜ ምልክቱ እንዳለው ሁሉ።

ሰምና ወርቅ፦
ለስንቱ? ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ፊልም መጠይቅ መሙላት ቀላል ነው። አሥር ምዕራፍ ያለው ተከታታይ ድራማ ግን በየክፍሉ ካልተሞላ ዋጋ የለውም፤ ስምንት ምዕራፍ ሲያስቅ ቆይቶ በዘጠነኛው ተወዳጁን ገጸ ባሕርይ የሚቀብር አለ። በጠቅላላው «ሞት አለበት» ቢባል ስምንቱን አላግባብ ያስፈራል።

ማዕዘን፦
በየክፍሉ ይሞላ። ትርጉም ጽሑፉስ በየክፍሉ አይደል የሚሠራው? ያንን የሚሠራው ሰው ክፍሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየዋል፤ መጠይቁን ለእርሱ መስጠት ይቻላል።

ጠጠር፦
ይህን ልቀበለው እችላለሁ፤ ለትርጉም ሠሪው ለተጨማሪው ሥራ የሚከፈለው ከሆነ ብቻ። ክፍያው በሕጉ ካልተጻፈ ሁሉንም «የለም፣ የለም» እያለ ያሳልፈዋል።