ቁልፉ በእጄ ነው፣ በሩ ላይ ግን ቆሜ እቀራለሁ

የጦሳ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ደሴ ነው ያለሁት። 31 ዓመቴ ነው። ጅዳ አንድ ቤት ውስጥ 6 ዓመት ሠርቼ ከተመለስኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ማንም አልደበደበኝም። ደመወዜም ቢዘገይ እንጂ ቀርቶብኝ አያውቅም። ይህን ቀድሜ የምናገረው «ታዲያ ምን ሆንሽ?» እንዳትሉኝ ነው። እናቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው።

እዚያ ቤት በሩ ሁሌም ከውጭ ይቆለፋል። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነው። ስልክ አርብ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ። ፍሪጅ ስከፍት «ምን ልታወጪ ነው?» እባላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ እከራከር ነበር። ከብሳውን (የሩዝና የሥጋ ምግባቸውን) በራሴ መንገድ ስሠራው ትደፋዋለች። እሺ ብዬ እሷ ባሳየችኝ መንገድ ስሠራው አንድ ቀን ትበላዋለች፣ አንድ ቀን ትደፋዋለች። የምትደፋበትን ምክንያት ስፈልግ አንድ ዓመት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት መከራከሩን ተውኩት። በሦስተኛው ማሰቡንም ተውኩት።

አሁን እናቴ ቤት ነኝ። የግቢው ቁልፍ በእጄ ነው። በሩ ጋ እደርስና እቆማለሁ። የሆነ ሰው «ሂጂ» እስኪለኝ የምጠብቅ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ሻርፕ ልገዛ ሄጄ ቡኒና አረንጓዴ ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ ልጅ «እህቴ፣ አንዱን ያዢ እንጂ» ሲለኝ ሁለቱንም አስቀምጬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለሻርፕ!

መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንዴ «ሲስተም የለም»፣ አንዴ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»። ሌላ ሰው ቢሆን ይሳደብና ሦስተኛ ይሄዳል። እኔ «በቃ፣ ለኔ አይሆንም» ብዬ ተኛሁ። በላክሁት ብር ወንድሜ ባጃጅ ገዝቶ፣ መልሶ ሸጦታል። ብሩ የት እንደገባ አልጠየቅሁትም። ልብ በሉ፣ አልተናደድኩም። የሚያስፈራኝ አለመናደዴ ነው።

ጎረቤቱ «ዓረብ አገር አደንዝዞ መለሳት» ይላል። ይሄ ስንፍና ነው? በሽታ ነው? ከዚህ የወጣ ሰው ካለ እንዴት እንደወጣ ይንገረኝ። «ጠንከር በይ» ግን አትበሉኝ። እሱን ቤት ውስጥ በቀን አምስቴ እሰማዋለሁ።

አቢ፦

ጠበል ሞክሪ እህቴ። ግሸን ቅርብሽ ነው።

የጦሳ ልጅ፦

ሙስሊም ነኝ ወንድሜ 😊 ሩቅያም (ቁርኣን እየቀሩ የሚደረገውን ሕክምና) አስደርገውልኛል። ስለ አሳብህ አመሰግናለሁ።

ሳይኮሎጂ አስተማሪው፦

ስንፍና አይደለም። ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ ነው የማስተምረው፣ ስለዚህ ትንሽ ብዘበዝብ ይቅር በይኝ።

በ1967 እ.ኤ.አ. ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የሚባሉ አሜሪካውያን በውሾች ላይ ሙከራ ሠሩ። አንዱ ቡድን የኤሌክትሪክ ንዝረት ሲመጣበት ሰሌዳ በጭንቅላቱ ገፍቶ ማቆም ይችላል። ሌላው ያንኑ ያህል ንዝረት ይደርሰዋል፣ ግን ቢገፋም ባይገፋም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሁሉንም መሐሉ ዝቅ ያለ አጥር ያለበት ሳጥን ውስጥ አስገቧቸው። አጥሩን መዝለል ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። የመጀመሪያዎቹ ዘለሉ። ከሁለተኞቹ አብዛኞቹ ተኝተው ተቀበሉት። (ይህን ክፍል ባስተማርኩ ቁጥር ለውሾቹ አዝናለሁ።)

ልብ በይ፣ የሁለቱም ሕመም እኩል ነበር። ልዩነቱ ማድረግና አለማድረግ አንድ መሆኑ ላይ ነው። «ማንም አልደበደበኝም» ያልሽውን ልብ ብዬ ያነበብኩት ለዚህ ነው። ያንቺ ንዝረት ከብሳው ነው። በሷም መንገድ ሠራሽው፣ ባንቺም መንገድ፣ ይደፋል።

አሁን የምወደው ክፍል። ሴሊግማንና ማየር መጀመሪያ ውሾቹ መደንዘዝን ተምረውት ነው ብለው ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ.፣ የአንጎል ጥናቱን ሁሉ ካዩ በኋላ፣ የራሳቸውን ሐሳብ ገለበጡት። መከራ ሲረዝም መደንዘዝ የምንማረው ነገር አይደለም፣ አንጎል ሲፈጠርም ያለው ነው አሉ። የሚማረው ሌላው ነው፤ «እኔ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለው። ስለዚህ ከራስሽ ላይ ፍቀሽ የምታወጪው ነገር የለም። እንደ አዲስ የምትማሪው ነገር ነው ያለው።

ውሾቹ እንዴት ዳኑ? ጠሯቸው፣ አልመጡም። ማዶ ምግብ ጣሉላቸው፣ አልመጡም። በመጨረሻ በገመድ እየጎተቱ ደጋግመው አሻገሯቸው። ከብዙ ጉተታ በኋላ ራሳቸው መዝለል ጀመሩ። «ጠንከር በይ» ማለት ከማዶ ሆኖ መጥራት ነው። አብሮሽ ቀበሌ የሚሄድ ሰው ያስፈልግሻል።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ወይም መኖር የሚያስጠላሽ ከሆነ ግን ከኛ ጋ አትቆዪ። ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ሂጂ።

እመ ማህሌት፦

የኔ እህት፣ እኔ ቤይሩት 4 ዓመት ነበርኩ። ከተመለስኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው። ያንቺን ሳነብ በር ላይ የቆምኩት እኔ መሰልኩ። እኔ ሻወር ለመግባት ባለቤቴን አስፈቅድ ነበር። እሱ ደግሞ ጨዋነት መስሎት ይደሰታል!

መምህሩ ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር አልተናገረም። አብሮሽ የሚሄደው ሰው አፍ እንዳይሆንልሽ። የአክስቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ፤ «አጠገቤ ተቀመጪ፣ አንድ ቃል አትናገሪ» አልኳት። መስኮቱ ጋ ላብ በላብ ሆንኩ። ተናገርኩ ግን። እናትሽም ሻርፕ ልምረጥልሽ ካለች እምቢ በያት፣ ብትቀየምም።

ሌላው፣ ትልቅ ነገር አትጀምሪ። እኔ መጀመሪያ የተቆረጠ ጀሪካን ላይ ጤና አዳም ተከልኩ። ማንም እንዳይነካው አልኩ። ሦስት ቀን ሳላጠጣው ጠወለገ፣ ሳጠጣው በማግስቱ ቀና። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አድርጌ ውጤቱን በማግስቱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ደግሞ ንዴቱ ይመጣል፣ አትደንግጪ። እኔ በስንተኛው ወር እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቀን በማይረባ ነገር ሳህን ወርውሬ ሰበርኩ። ባለቤቴ ጋኔን መሰለው። እኔ ግን የዚያን ቀን ደህና ተኛሁ።

ሳይኮሎጂ አስተማሪው፦

እመ ማህሌት፣ የጤና አዳሙ ነገር ገረመኝ። በ1976 እ.ኤ.አ. ላንገርና ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እንደዚሁ አድርገዋል። ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ተክል አስመርጠው «ራሳችሁ ተንከባከቡት» አሏቸው። ለሌላው ፎቅ ተክሉን ሰጥተው ነርሶቹ ያጠጡላቸው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የበለጠ ነቃ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ነበሩ። እርስዎ ሳያነቡ ደርሰውበታል።

እመ ማህሌት፦

አንቱታው ይቅር መምህር፣ አላረጀሁም 😄

የጦሳ ልጅ፦

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ።

ቀበሌ ከአጎቴ ልጅ ጋር ሄድኩ። ሲስተም አለ! ግን «ፎቶው ጀርባው ነጭ መሆን አለበት» አሉኝ። እግሬ ወደ ቤት ሊዞር ነበር። የአጎቴ ልጅ በተስማማነው መሠረት ዝም ብላ ታየኛለች፣ አፏን ይዛ። ፎቶ ቤት ሄደን ተነሥቼ በዚያው ቀን ተመለስኩ። መታወቂያው ገና አልደረሰም፣ ማክሰኞ ነይ ብለውኛል።

ወንድሜን ገና አልጠየቅሁትም። ግን ትናንት ቡና እየጠጣ ሲስቅ ሳየው ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ጋል አለ። ያልሽው ንዴት እሱ ይሆን እመ ማህሌት?

ሻርፑንም ገዛሁ። ቡኒውን። ቤት ሳየው አረንጓዴው ይሻል ነበር። አልመልሰውም።