ሁለተኛው ራውተር ከስልኮቹ ጋር አድራሻ ይሻማል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ የኔትወርክ ነገር የምታውቁ አንድ በሉኝ። ጎንደር፣ ማራኪ ነው የምኖረው። ዋናው ራውተር ሳሎን ነው። እህቴ የምታጠናበት ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት ግን ዋይፋዩ አይደርስም፤ ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ስለዚህ በኬብል ሁለተኛ ራውተር አስገባሁ።

የዋናው የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) 192.168.1.1 ነው። ሁለተኛውን 192.168.1.2 አድርጌ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) አጠፋሁት፣ ኬብሉንም ላን ቀዳዳ (የቤት ውስጥ መሣሪያ የሚሰካበት) ላይ ሰካሁ። ጥሩ ይሠራል። ጣጣው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ዋናው ራውተር አድራሻ የሚያድለው ከ192.168.1.2 እስከ 192.168.1.254 ነው። አንዱ ስልክ ቀድሞ የሁለተኛውን አድራሻ ይወስድና ይጋጫሉ፣ የጓሮው ራውተር ገጽም አልከፈት ይላል።

እደላው ከ192.168.1.100 እንዲጀምር ፈልጌ ነበር። በተሰጠኝ ዩዘርኔም ዋናው ራውተር ውስጥ ስገባ ግን ቦታው ደብዝዟል፣ አያስነካም። ሪሴት ላድርገው? የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስዎርድ አብሮ እንዳይጠፋ ፈራሁ፣ እኔ ጋ የለም።

ሁለተኛውን በዋን ቀዳዳ (ኢንተርኔት የሚገባበት) ሰክቼ የራሱን ኔትወርክ እንዲይዝ 192.168.2.1 ብሰጠውስ? ፕሪንተሩ ያለው ጓሮ ነው፤ እንደዚያ ከሆነ ከሳሎን ስልኮች አይታይም። ፕሪንተሩ ደግሞ ለሁላችንም በጣም ያስፈልገናል። ሪሴት ሳላደርግ የምወጣበት መንገድ ካለ ደረጃ በደረጃ ንገሩኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ።